የተሞረደው ማኅተም

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የእኔዋ ዝምታ ብትፈጅ አራት ሰከንድ ናት፤ አምስት ሺህ ዶላር ልታስገባልኝ ግን ለጥቂት ነበር የቀራት። ዓመት ሊሆናት ነው። አሁንም ሌሊት ስባንን እሷ ቀድማኝ ነቅታ ትጠብቀኛለች።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚህ አሜሪካ በየጊዜው ከሚካሄዱት የጠመንጃና የሽጉጥ ባዛሮች በአንዱ ላይ ነው። ግማሽ ጠረጴዛ ተከራይቼ ሰባት ሽጉጦቼን ጥቁር ጨርቅ ላይ ደርድሬአለሁ። ሁሉም ኮልት የሚባሉትን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሽጉጦች እንዲመስሉ ጣሊያን ውስጥ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው፤ ከፊት ባሩድና እርሳስ ይጨቅባቸዋል፣ ከኋላ ትንሽ የመዳብ ቆብ ይደፋላቸዋል። ሁሉም ደግሞ ብረታቸው ላይ ሐረግ ተቀርጾባቸዋል። ከስምንት ዓመት ወዲህ የምሰበስበው እነዚህኑ ብቻ ነው። በዘመኑ በእጅ የተቀረጸ እውነተኛ ኮልት ጨረታ ላይ ሲወጣ ዋጋው ቤት ስለሚያስገዛ፣ መጀመሪያ ላይ ምርጫው የኪሴ እንጂ የእኔ አልነበረም።

እግረ መንገዴን፦ ፈረንጆቹ ይህን ጌጥ "ጥቅልል" እያሉ ነው የሚጠሩት። የብራና ጸሐፊዎቻችን ሐረግ ይበልጥብኛል። ጥቅልል ያለቀለት ነገር ነው፤ ሐረግ ግን ገና የሚሄድበት አለው።

አንድ ሃያ አምስት የማይሞላው ወጣት መጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። እጁን ከመዘርጋቱ በፊት "ላንሣት?" ብሎ ጠየቀ፤ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ደስ ይለኛል። ያነሣት 1851 ኔቪ የምትባለዋን ሞዴል ነው። "ዋይልድ ቢል ሂኮክ የታጠቃቸው ዓይነት!" አለ። እውነቱን ነው፤ የዚያ በተኳሽነቱ የታወቀ የድሮ አሜሪካዊ፣ የሂኮክ፣ ሁለቱ ኔቪዎች የዝሆን ጥርስ እጀታ ያላቸው፣ ቅርጽ ያረፈባቸው ነበሩ። የእኔዋ እጀታ የእንጨት ነው፤ ሐረጓ ግን ከአፈሙዙ ግራና ቀኝ ተነሥቶ እስከ እጀታው ነሐስ ድረስ ወርዷል። ልጁ ስድስት ጉድጓድ ያለውን ሲሊንደር በጣቱ ቀስ እያደረገ አዞረው። ዙሪያውን የመርከቦች ጦርነት ታትሞበታል። ከሥዕሉ ግርጌ ያለችውን ጽሕፈት ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበባትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "1843" አለ።

ያኔ ገባኝ። ልጁ የተሠራችበትን ዓመት ያነበበ መስሎታል።

"አምስት ሺህ እሰጥሃለሁ። አሁኑኑ፣ በጥሬው" አለኝ። እኔ የገዛኋት በ850 ዶላር ነው።

እነዚያ አራት ሰከንዶች እነዚህ ናቸው። አልዋሸሁም። "አዎ" አላልኩም፣ ራሴንም አልነቀነቅኩም። ዝም ብዬ አየሁት፤ እሱም ዝምታዬን የዋጋ ክርክር አድርጎ ወሰደው። ከዚያ "ጣሊያን ናት ወንድሜ፣ ቅጂ ናት" የሚለው ቃል ካፌ ወጣ። እንደ ጋለ ምጣድ መልሶ አስቀመጣት። አመስግኖኝ ሄደ፤ ዞሮም አላየም።

በየሽጉጦቹ ሥር "ቅጂ" የምትል ካርድ የማስቀመጥ ልማድ አለኝ። ያን ቀን ጠዋት ካርዶቹ ጠረጴዛው ሥር ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ረስቼአቸው ነው። ረስቼአቸው ነው ብዬ ነው የማምነው።

የጎበጠው ብርሃን

ስለ ካርዶቹ ራሴን እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ይቺን ሽጉጥ ገና ከመጀመሪያው በጥርጣሬ የማያት መሆኔ ነው። የሸጡልኝ ሰው "በልዩ ትእዛዝ የተቀረጸች ኡቤርቲ" ብለው ነው (ኡቤርቲ ቅጂዎቹን የሚሠራ የጣሊያን ፋብሪካ ነው)፤ ምንም አልደበቁኝም። ቤት አምጥቼ መብራት ሥር ሳገላብጣት ግን በቀኝ በኩል፣ ከሲሊንደሩ በታች፣ የአምፖሉ ነጸብራቅ ጎበጥ አለ። ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ብረት በጣም በትንሹ ሰርጉዷል። በጣት አይታወቅም። ብርሃን ግን አይዋሽም።

እዚያ ቦታ ላይ ምን መኖር እንደነበረበት ሰብሳቢ ሁሉ ያውቀዋል። ጣሊያን ውስጥ የሚሠራ ጦር መሣሪያ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት በመንግሥት የፍተሻ ጣቢያ ተተኩሶ ይሞከራል፤ ሲያልፍም ማኅተም ይመታበታል። ለእነዚህ ሽጉጦች ጣቢያው ብሬሻ አጠገብ ያለው የጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ነው። በባሩድ መፈተኗን የሚናገሩ ኮከብ የተደፋባቸው ሁለት ፊደላት አሉ፤ ዓመቱን የምትነግር ትንሽ ሳጥንም አለች። በሳጥኗ ውስጥ 1974 ሦስት ኤክስ ነው፣ 1975 ሁለት ኤ፣ ከዚያ በኋላ ፊደሎቹ እየተለዋወጡ ይቀጥላሉ። ባለቤቱ ቢሞት፣ ወረቀቱ ቢጠፋ፣ ሽጉጧ ዕድሜዋን ራሷ ትናገራለች ማለት ነው። የእኔዋ አትናገርም። በማኅተሞቹ ቦታ ሐረግ ብቻ ነው ያለው።

ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ልብሱን ለብሰው፣ ሜዳ ወርደው መልሰው የሚያሳዩ ሰዎች አሉ፤ የዘመኑን የማይመስል ነገር ሁሉ "ፋርብ" ብለው ይሳለቁበታል። ቅጂ ጠመንጃና ሽጉጥ ላይ ያለውን የዘመን ጽሑፍ አስፍቆ የድሮውን ማስመታትም የታወቀ ሥራ ነው፣ "ዲፋርብ" ይሉታል። ቀራጺም ቢሆን መሮውን ከማንሣቱ በፊት ብረቱን አለስልሶ የፋብሪካ ጽሑፉን ቢያጠፋ ማንም አይፈርድበትም። "ባሩድ ብቻ ይጎርሳል" የሚል ጽሑፍ መሃል የወይን ቅጠል አይበቅልማ። ግን አንዲት ነገር ነበረች። ከአፈሙዙ ሥር፣ የማጨቂያው ዘንግ በሚሸፍነው ቦታ የኡቤርቲ የራሱ ምልክት መኖር ነበረበት፤ በስምንት ማዕዘን የታጠሩ ሁለት ፊደላት። ዘንጉን ወደ ታች ስቤ ሳየው እዚያም የሞረድ ጭረት ብቻ ነበር። የፊት ለፊቱን ለውበት ብሎ ያጠፋ ሰው ማንም የማያየውን ምን አድርጎት ይሞርደዋል?

ይህን ጥያቄ ጠይቄ ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ሐረጉ በጣም ያምር ነበርና።

ማን ነው የእጅ ሥራ ያለው?

ስለ ማማር ካነሣሁ ስለ መጀመሪያ ግዢዬ ልናዘዝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ያኔ ነው። "የተቀረጸ" የሚል አንብቤ ገዛሁ፤ ፋብሪካው የቀረጸው እንደሆነ ያወቅኩት ማጉያ መነጽር ከገዛሁ በኋላ ነው። በሌዘር የተቀረጸ ሐረግ ወለሉ እንደ ጥሩ አሸዋ ደብዛዛ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ጥልቀቱ አንድ ነው፤ በቀኝ ያለው ቅጠል በግራ ካለው ጋር እንደ ሁለት ፎቶ ኮፒ ይገጥማል። መሮ የነካው ግን እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይጀምራል፣ መታጠፊያው ላይ ይወፍራል፣ መልሶ ቀጥኖ ይሰወራል። የተቆረጠው ጎን ያብረቀርቃል። ብረቱን ዘንበል ስታደርገው ብርሃኑ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይዘላል። ቀራጺው ሞርሳ ላይ ያሰረውን ብረት በመዶሻና በመሮ እያንኳኳ፣ ሐረጉ በዞረበት ዙሪያውን ይዞረዋል። መስመሩ የሚተነፍሰው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሙሉ ሰውነት ነው የሳለው።

የፋብሪካውን ግን ንቄ አልጣልኩትም፤ እስካሁን አለኝ። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ዋጋውም የዚያን ያህል ነው፣ ፋብሪካውም የእጅ ሥራ ነው ብሎ አላታለለኝም። ራሴን ያታለልኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ሽጉጧን መልሶ ካስቀመጠ በኋላ ያብሰለሰለኝ ታዲያ ይህ ነበር። ልጁን ያስደነገጠው የመርከቦቹ ሥዕል ነው። ሥዕሉ በግንቦት 16 ቀን 1843 (ዓመቶቹን በፈረንጅ እቆጥራለሁ) የቴክሳስ ባሕር ኃይል ከሜክሲኮ መርከቦች ጋር ካምፔቼ አጠገብ ያደረገውን ውጊያ ያሳያል። የሠራው ዋተርማን ኦርምስቢ የሚባል የኒው ዮርክ የባንክ ኖት ቀራጺ ነው። እሱ ግን ሲሊንደሮቹን በእጁ አልነካቸውም። የቀረጸው ማተሚያ ብረት ሲሊንደሩ ላይ ተጭኖ በመሽከርከር ሥዕሉን ያትም ነበር። የኮልት ፋብሪካ በነበረበት ሃርትፎርድ ላይ ብቻ 215 ሺህ ያህል ኔቪዎች ተሠርተዋል፤ ያ ሥዕል በሙሉ የማሽን ሥራ ነው። የጣሊያኖቹም እንደዚሁ። ልጁ አምስት ሺህ ዶላር ሊከፍልበት የነበረው ክፍል በእውነተኛዋም ላይ፣ በቅጂዋም ላይ የሰው እጅ ያላረፈበት ነው። የሰው እጅ ያረፈበት ሐረጉ ነው። "ጣሊያን ናት" ባልኩት ቅጽበት ማየት ያቆመውም እሱኑ ነው። ሐረጉ ግን በአራት ሰከንድ ውስጥ አልተለወጠም።

የሚገርመው፣ ኦርምስቢ ዕድሜውን ሙሉ ሐሰተኛ ብር አታሚዎችን ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው። እንዲያ ያለ ረቂቅ ሥዕል በቀላሉ እንደማይመሳሰል ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ሥዕሉ ራሱ ቅጂን እውነተኛ ያስመስላል።

"ቅጂ" የሚለው ቃልም ቢሆን እንደሚታሰበው ቀጥ ብሎ አይቆምም። የእርስ በርስ ጦርነቱ 100ኛ ዓመት ሊከበር ሲል አሜሪካኖቹ የድሮ ሽጉጥ አማራቸው፤ ጣሊያኖቹ ሠሩላቸው። አልዶ ኡቤርቲ በ1959 የጀመረው ፋብሪካ የዚያ ልጅ ነው። በ1971 ደግሞ ኮልት ኩባንያ ራሱ 1851 ኔቪን እንደገና ለገበያ አወጣ፤ ከጣሊያን በመጡ ጥሬ አካላት። አፈሙዙ ላይ የኮልት አድራሻ አለ፣ ብረቱ ግን የቫል ትሮምፒያ ነው። ሰብሳቢው ያንን "ሁለተኛ ትውልድ ኮልት" ብሎ ዋጋ ይጨምርለታል። በጓደኞቼ ፊት ይህን ክርክር ባነሣሁ ቁጥር አሸንፋለሁ። ያን ቅዳሜ ግን ክርክሩ ምንም አልረዳኝም። ልጁ የጠየቀኝ ስለ ቅጂ ትርጉም አልነበረማ።

ባዶው ቀለበት

ልጁ ከሄደ በኋላ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ባለቤት፣ ሰማንያ የተጠጉ ሽማግሌ፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። ሁሉንም ሰምተዋል። ስለ ዝምታዬ ይናገሩኛል ብዬ ስጠብቅ "እስቲ አሳየኝ" ብቻ አሉኝ። እንደ ሰዓት ሠሪ ዓይናቸው ላይ የሚገጥሙትን ማጉያ አደረጉ። በወጣትነታቸው የብረት ቀራጺ ረዳት እንደነበሩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የቀኙን ጎን ብዙ አላዩትም። "ይሄ ለቀረጻ የለሰለሰ ነው፤ ሐረጉ ከጉድጓዱ ጋር አብሮ ወርዷል፣ ቀራጺው ራሱ ነው ያለሰለሰው" አሉ። ከዚያ ሽብልቁን አውጥተው አፈሙዙን ለዩት፣ ገልብጠውም የማጨቂያውን ዘንግ ሳቡ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ማጉያውን አውልቀው ሰጡኝና በጥፍራቸው ጫፍ አንዲት ነጥብ አሳዩኝ።

እዚያ፣ በአፈሙዙ ሆድ ላይ፣ ከግራና ከቀኝ የሚመጡት ሁለት የሐረግ ጫፎች የጣት ጥፍር የምታህል ባዶ ቦታ ከበው ይቆማሉ። ቀለበቷን ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ቀራጺው ሲደክመው የተዋት መስላኝ ነበር። "ይቺ ለምን ባዶ ሆነች?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። "የአንዱን ቅጠል ጫፍ ተመልከት።" አየሁ። የግራው ሐረግ የመጨረሻ ቅጠል ቀጥኖ ሊሰወር ሲል ድንገት ተቆርጧል። የቆረጠው የሞረድ ጭረት ነው። ጭረቱ ከቅጠሉ ሥር አይደለም ያለው፤ በላዩ ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ሞረዱ የመጣው ከሐረጉ በኋላ ነው። ቀለበቷ ባዶ ተብላ አልተቀረጸችም፤ መሃሏ የኡቤርቲ ማኅተም ነበረ። ቀራጺው የሠሪውን ምልክት አላጠፋም፤ ሐረጉን ከሁለት በኩል አጥፎ ፍሬም አበጀለት። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው፣ ሌላ እጅ፣ በሻካራ ሞረድ መጥቶ ማኅተሙን ፋቀ፤ ብረቱንም በአሲድ አስረጀው። "አሲዱን እዚህ ጭረቱ ውስጥ ታየዋለህ" አሉኝ፤ ታየኝም። ዝገት የመሰለ ቡናማ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቀራጺውን ስጠረጥረው ኖሬአለሁ። ሐረጉ ማኅተሙን ለመደበቅ የተሠራ፣ የሚያምር ውሸት ነው እያልኩ። የውሸታም ሰው ሥራ እንደምወድ ለራሴ እየነገርኩም እንደ ትልቅ ሐሳብ እኮራበት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እንዲህ በሞረድ ጭረት ይጠራል ብዬ አልጠበቅኩም። ቀራጺው ፊርማውን እንኳ አልተወም። የተወው የሌላውን ሰው ማኅተም የሚያከብር ክብ ነው።

ሃርትፎርድ ሄጄ ያየሁት አንድ በር ትዝ አለኝ። የኮልት ፋብሪካ ባለቤት ሳሙኤል ኮልት በ1862 ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ለእሱና በሕፃንነታቸው ለሞቱባት ልጆቻቸው መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን አሠራች፤ የመልካሙ እረኛ ይባላል። ከደጆቹ በአንዱ ዙሪያ ድንጋዩ ላይ፣ አበባና መስቀል ይኖርበታል በሚባለው ቦታ፣ የሽጉጥ ክፍሎች ተቀርጸዋል። ስጎበኘው አላስደሰተኝም ነበር፤ የጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ሽጉጥ ምን ይሠራል ብዬ። አሁን ግን የድንጋይ ጠራቢውን ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ሀብቱ ከየት እንደመጣ አልደበቀም፤ በሐረግ ከበበው።

ሽማግሌው ሽጉጧን ገጣጥመው ሲመልሱልኝ "አምስት ሺህ ጥሩ ገንዘብ ነበር" አሉኝ። ፌዝ ይሁን ሐዘኔታ አልለየሁም። ስለዚያች ዝምታ የተነጋገርነው በዚህ አበቃ። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሞረድ የያዘውን ሰው እንደ ድሮው ልጠላው አልቻልኩም። ፊቱን አላውቀውም። እጁን ግን ለአራት ሰከንድ ያህል አውቄዋለሁ። ምናልባት እሱም የጀመረው ካርዱን ካርቶን ውስጥ በመርሳት ነው።

ቀለበቷን መሙላት

ከወር በኋላ ሽጉጧን ይዤ አንድ ቀራጺ ዘንድ ሄድኩ። የኡቤርቲን ምልክት ቦታው ላይ መልሶ እንዲቀርጽልኝ ነበር ፍላጎቴ፤ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ። ሰውየው ሳቀ። "የሌላ ሰው ማኅተም ልቀርጽልህ? እሱም እኮ ሐሰተኛ ማኅተም ነው" አለኝ። ልክ ነው፤ አላሰብኩትም። ማኅተሙን የፋቀው አንድ ውሸት ነው፣ መልሶ የሚያስመታው ደግሞ ሁለተኛ። ዓመቷም አንዴ ተፍቃለች፤ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ከእንግዲህ የሚነግረኝ የለም።

"ታዲያ ምን ይጻፍ?" አልኩት። ብዙ አልተወያየንም። "ጣሊያን፣ ቅጂ" የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ይሁኑ ተባባልን፤ በተራ ፊደል። የአፈሙዙ ብረት ለመሮ ለስላሳ ነው፤ የሽጉጧ ዋና አካል ቢሆን ኖሮ ብረቱ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ የመሮው ጫፍ ይሰበር ነበር። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። የተቆረጠውን ቅጠል ጫፍ ላስተካክለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ባዛር ተመለስኩ። ካርዶቹን ከሁሉ በፊት አወጣሁ። ኔቪዋን ግን ካርድ አላስቀመጥኩላትም፤ የማጨቂያውን ዘንግ ስቤ፣ ሆዷን ወደ ላይ አድርጌ አስተኛኋት፤ ቀለበቷ እንድትታይ። መርከቦቹም፣ ያማረው የጎን ሐረግም ወደ ታች ሆኑ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ያነሣት ሰው አልነበረም። አንድ ሰውዬ እያለፈ ቆም አለና በሐዘኔታ አየኝ።

"ወንድሜ" አለኝ፣ "ሽጉጥህ ተገልብጣለች።"